የሦስት መቶ ዓመቱ በረንዳና የሰባ ዓመቱ ወንድሜ

ለከተማችን የቅርስና የጉብኝት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤንነትዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ደረጃ ሲወጡ ጉልበትዎ የማይዝል፣ ሲወርዱ ዳሌዎን የማያምዎት፣ እንቅልፍዎ ሙሉ፣ ቁርስዎም የሚጣፍጥዎ ሰው ሆነው እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። ሥራዎ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድን ጥንታዊ ከተማ እንግዳ በዝግታ እንዲጎበኘው ለማድረግ ምን ያህል መሯሯጥ እንደሚጠይቅ ከእኛ መንገድ ሰዎች በላይ የሚመሰክርልዎ የለም፤ በሁለት ወር ውስጥ አርባ አንድ ቤት ባዶ አድርገዋልና።

ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው አድርጌ በግልጽ የምጽፈው እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች የት እንደደረሱ ስጠይቅ ጸሐፊዎ በትሕትና "በሂደት ላይ ናቸው" ብለውኛል። አምስተኛውም ሄዶ ከአራቱ ጋር ተሰልፎ እንዳይቀር ስለሰጋሁ ነው።

ማን እንደሆንኩ ዘንግተውኝ እንደሆነ ላስታውስዎ። ልብስ ሰፊ ነኝ። በድንጋይ ንጣፉ መንገድ፣ ከመታጠፊያው ሦስተኛው ቤት፣ ያ ሰማያዊ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ የእኛ ቤት ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት የኖርኩት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። ወንድም ጋሼ አናጺ ነው። የመንገዱ ሰው ስሙን ትቶ "ውሃ ልክ" ይለዋል፤ ሰው ቤት በእንግድነት ሲገባ እንኳ ጠረጴዛው ዘመም ማለቱን ካየ፣ ወረቀት አጥፎ ከእግሩ ሥር ሳያስገባ የማይቀመጥ ሰው ነውና። በመንገዳችን ላይ እጁ ያልነካው በር፣ መስኮትና ደረጃ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ገና ተመራማሪ ሳሉ፣ በአንድ እጅዎ ቦርሳ በሌላው ሜትር ይዘው የሚከራይ ክፍል ሲጠይቁ ውለው፣ አመሻሹ ላይ በዝናብ በስብሰው የእኛን በር ያንኳኩት እርስዎ ነዎት። በላይኛው ክፍላችን ስምንት ወር ተቀምጠዋል። ያኔ እኔን "እትዬ" ይሉኝ ነበር፤ ዛሬ በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ላይ "ባለጉዳይ" ሆኛለሁ፤ ለዕድገቱ አመሰግናለሁ። ወንድም ጋሼን ደግሞ "አባባ" ይሉት ነበር፣ እሱም "ልጄ" ይልዎ ነበር። ልጅ የለውም፤ ስለዚህ ቃሉን አባክኖ የሚጠራበት ሌላ ሰው አልነበረም።

እርሱ ነው እያንዳንዱን ቤት ያስጎበኘዎት። የትኛው ግድግዳ እውነተኛ እንደሆነ፣ የትኛው ኋላ እንደተጨመረ፣ የትኛው ደረጃ ከየትኛው ቤት ፍርስራሽ እንደመጣ አንድ በአንድ አሳየዎት። እርስዎ ይጽፋሉ፣ እሱ የሜትሩን ጫፍ ይይዛል። ጥናትዎ ተጠናቆ መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም የምስጋናው ገጽ ላይ ስሙን ፈልጌ "የአካባቢው ነዋሪዎች" የሚል አግኝቻለሁ። ወንድም ጋሼ መነጽሩን አድርጎ አንብቦ "እኔም ነዋሪ ነኝ፤ አለሁበት" አለ፣ ደስ ብሎት።

እንግዲህ ምስጋናዬን እንዳላንዛዛው በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ፊርማው አመሰግናለሁ። ጥናትዎን ሲጨርሱ መንገዳችን በቅርስነት እንዲመዘገብ የሁሉም ቤት ባለቤት መፈረም ነበረበት። ሰው ፈራ። ነገ ውጡ ብንባልስ አለ። እርስዎም በእኛ ሳሎን ቆመው፣ ሁላችንም እየሰማን፣ "ቤቱን ቅርስ የሚያደርገው የሚኖርበት ሰው ነው፤ ሰው ከወጣማ የቀረው ድንጋይ ነው" አሉ። ያማረ ንግግር ነበር፤ እኔ እንኳ መርፌዬን አስቀምጬ ነው ያዳመጥኩዎ። ከዚያ በወረቀቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ "ነዋሪው በምንም ሁኔታ ከቤቱ አይነሳም" የሚል አንቀጽ በገዛ እጅዎ አስገቡ። ወንድም ጋሼ ከእርስዎ ጋር ሁለት ሳምንት ሙሉ በር ለበር ዞረ። እርስዎ ያስረዳሉ፣ ሰው ግን የሚያየው የእሱን ፊት ነበር። በጡረታ ላይ ያሉት የመድኃኒት ቤቷ እመቤት መጨረሻ ላይ ሲፈርሙ ምን እንዳሉት አይረሱትም፦ "አንተ ሰውዬ፣ የምፈርመው ላንተ ነው እንጂ ለማንም አይደለም።" እሱም ሳቀና "እኔም ያመንኩት ልጄን ነው" አላቸው። ያን ቀን ከእነርሱ መሐል ቆመው ሲስቁ አይቼዎታለሁ።

፪ኛ. ስለ ሹመትዎ አመሰግናለሁ። ከአራት ዓመት በኋላ ኃላፊ ሆነው ሲመለሱ መንገዱ ሁሉ በደስታ ተጥለቀለቀ፤ የራሳችን ሰው መጣ ተባለ። የሹመትዎ ዕለት የለበሱትን ኮት ትከሻ ያጠበብኩት፣ እጅጌውንም ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። በልክዎ መሥራቴን ነበር የማውቀው፤ በኋላ እንደሚሰፋዎት ማን ያውቃል።

፫ኛ. ስለ ጸጥታው። ከተማችን "የዝግታ ከተማ" መባል ስትጀምር በየመግቢያው "ቀስ ይበሉ፣ ታሪክ ላይ ነዎት" የሚል ሰሌዳ ተተከለ። እኛም ቀስ አልን። የታጠበ ልብስ በገመድ ማስጣት ፎቶግራፍ ያበላሻል ተባልን፤ ልብሳችንን በጓዳ እያደረቅን ሻጋታ ሸተትን። የስፌት መኪናዬ ሞተር የመንገዱን ድባብ ይረብሻል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ሳዝን አይተው ግን ባለሙያዎ መፍትሔ አመጡልኝ፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በመስኮቱ በኩል ቁጭ ብዬ፣ በእግር በሚረገጥ አሮጌ መኪና፣ እንግዶች እያዩኝ እንድሰፋ። ምን ልስፋ ብዬ ብጠይቅ "ምንም ችግር የለውም፣ ክር ባይኖረውም ይሆናል" አሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው አለበስኩ፤ በስተርጅና ያለ ክር መስፋት ተማርኩ። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ሦስት ሳምንት ተቀምጫለሁ። ወንድም ጋሼ "ልጁ ተጨንቆ ነው፣ እንርዳው" ስላለኝ ነው።

፬ኛ. ስለ በረንዳው፣ ማለትም እናንተ "ሰገነት" ስለምትሉት። ይህኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

አንድ ቀን ሠራተኞችዎ መጥተው ከበራችን አጠገብ የነሐስ ጽሑፍ ለጠፉ፦ "የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ሰገነት፤ ባለሙያው ያልታወቀ።" ወንድም ጋሼ ወጥቶ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ጃኬቱን ደርቦ ወደ ቢሮዎ መጣ። አሮጌው በረንዳ በእርጅና ወድቆ እንደነበረ፣ አሁን ያለውን ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት እርሱ ራሱ፣ የድሮውን ቅርጽ ከአእምሮው እያወጣ፣ አንድ የዝናብ ወቅት ሙሉ ለፍቶ እንደሠራው እርስዎ ያውቃሉ፤ በላይኛው ክፍል ተኝተው ሳሉ ስንት ጊዜ አጫውቶዎታል። "ልጄ፣ ተሳስታችኋል። ያልታወቀው ባለሙያ እኔ ነኝ" ቢልዎ፣ እርስዎ ትከሻውን መታ መታ አድርገው "አባባ፣ መንፈሱ ሦስት መቶ ዓመቱ ነው" አሉት። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ሳልሞት ሦስት መቶ ዓመት ሞላኝ" አለኝ። ያኔ ገና ይስቅ ነበር።

በዚያው ወር የጣሪያውን አሸንዳ አስነቀሉ፤ ቆርቆሮ በድሮ ዘመን አልነበረም ተብሎ። ወንድም ጋሼ፣ ውሃው የሚወርደው በበረንዳው ተሸካሚ እንጨት ላይ ነውና ይበሰብሳል ብሎ ነገራችሁ። ድባቡ ግን አማረ። ሁለት የዝናብ ወቅት አለፈ። እንጨቱ በሰበሰ። መሮ ሲያስገባበት እስከ እጀታው ድረስ እንደ ዳቦ ገባለት። ለመቀየር ፈቃድ ጠየቀ። "ማመልከቻዎ ደርሶናል" ተባለ። ደግሞ ጠየቀ። የቅርስ እንጨት መንካት የሚችለው የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ብቻ ነው ተባለ። እንግዲያስ ልውሰድ ብሎ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ደብተርና እርሳስ ይዞ ሥልጠና ገባ። አሠልጣኙ የጥንት አናጺዎችን ጥበብ ሲያስተምሩ ለምሳሌ በግድግዳው ላይ ያሳዩት የወንድም ጋሼን በረንዳ ነበር። እጁን አውጥቶ አንድ መጋጠሚያ ላይ የተሰጠው ማብራሪያ ልክ እንዳልሆነ ሊናገር ቢሞክር፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው ተባለ። የምስክር ወረቀቱን ከለከሉት፤ የትምህርት ማስረጃ የለህም ብለው። በሦስተኛው ማመልከቻ ላይ በራስዎ ፊርማ የተሰጠው መልስ እነሆ፣ ቃል በቃል፦ "ቅርሱ በተፈጥሯዊ ሂደቱ እንዲያረጅ ይተው።"

ቅርሱ ታዘዘ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አሥራ አራት የሚሆኑ እንግዶች ከበረንዳችን ሥር ቆመው ነበር። አስጎብኚው ስለ ሦስት መቶ ዓመቱ ያወራል። ወንድም ጋሼ ከውስጥ ሆኖ እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማ። በሩን ከፍቶ "ኧረ ከዚያ ዞር በሉ! ይወርዳል!" ብሎ ጮኸ። እንግዶቹ ቋንቋውን አልሰሙም። መጋዝ የያዘ፣ የእንጨት ብናኝ የለበሰ ሽማግሌ እጁን እያወናጨፈ ሲጮህ የትርዒቱ አካል መሰላቸው፤ ፈገግ ብለው ካሜራቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ከዚያ በኋላ መናገሩን ተወ። ጓሮ ሄዶ ደጋፊ ቋሚ እንጨት አምጥቶ፣ ከሥር ገብቶ፣ በትከሻው ገፍቶ ሊያቆመው ሞከረ። ሰዎቹን በአንድ እጁ እየገፋ፣ በሌላው እንጨቱን እየያዘ። እነሱ ወጡ። እሱ አልወጣም።

እኔ በመስኮቱ በኩል ያለ ክር እየሰፋሁ ነበር፤ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ድምፁን ሰምቼ ስወጣ ከእንጨቱ ሥር የሚታየኝ ጫማው ነበር፤ ሶሉን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ያሰፋሁለት ጫማ። ከእንግዶቹ አንዷ ሴት ተንበርክካ፣ ሻርፗን አጥፋ ከራሱ ሥር አድርጋ፣ በማላውቀው ቋንቋ ታጽናናዋለች፤ እሱ ደግሞ በማታውቀው ቋንቋ "የቆሰለ ሰው አለ ወይ?" እያለ ይጠይቃታል። አምቡላንስ ተጠርቶ መጣ፤ ነገር ግን መኪና እንዳይገባ በመንገዱ አፍ የተከላችኋቸው የድንጋይ ምሰሶዎች አላሳለፉትም። የመድኃኒት ቤቷ እመቤት የገዛ በራቸውን ከማጠፊያው አስነቅለው፣ ጎረቤቶች እሱ ላይ አጋድመው ተሸክመው አወጡት። በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ ለእመቤቲቱ "የተመዘገበ በር ያለ ፈቃድ ስለመንቀል" የሚል ማስጠንቀቂያ መላኩን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ማጉደል ይሆንብኛል።

የዳሌ አጥንቱ ተሰብሯል። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አድርገዋል፤ በምርኩዝ ከአልጋ እስከ ወንበር ይሄዳል። እርስዎ ሊጠይቁት አልመጡም። እሱ ግን ሆስፒታል ሳለ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር፤ እኔም ለምን ቀና እንደሚል ስለማውቅ ፊቴን አዞር ነበር።

፭ኛ. ስለ ሪፖርቱ። "ያልተፈቀደለት ግለሰብ በቅርሱ ላይ ባደረገው ንክኪ ጉዳት ደርሷል" ይላል። ግለሰብ።

፮ኛ. ስለ መነሳታችን። ከዚያ ሪፖርት የተወሰደው ትምህርት፣ በቅርስ ውስጥ ሰው መኖሩ ለቅርሱ አደገኛ ነው የሚል ሆነ። ለጥገና በሚል ለስድስት ወር ብቻ ከተማው ዳር ወዳሉት አዳዲስ ሕንፃዎች እንድንዛወር ታዘዝን። ሰው ሁሉ "አንቀጹስ?" አለ፤ ያ "ነዋሪው አይነሳም" የሚለው። እኔ ቢሮዎ መጥቼ ሰነዱን ለማየት ጠየቅሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉን ከፍተው፣ አንደኛው ገጽ አለ፣ ሦስተኛው ገጽ ከነፊርማዎቹ አለ፣ ሁለተኛው ግን "ምናልባት ከመጀመሪያውም አልነበረም" አሉኝ። ቤት ሄጄ ወንድም ጋሼን፣ ያኔ ቅጂ ተቀብለህ ነበር ወይ አልኩት። ገርሞት አየኝ። "ልጄን ቅጂ ስጠኝ እለዋለሁ?" አለኝ።

አንተ ልጅ፣ ምን አደረግንህ? ስታስል ሌላ ብርድ ልብስ የደረብንልህ፣ ቁልፋችንን ያስያዝንህ፣ ምን አጉድለንብህ ነው?

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡር ኃላፊ። እጄ አምልጦኝ ነው። የጽሑፍ ወጉን እመለስበታለሁ።

ስድስቱ ወር አለፈና ጥገናው "የዝግታ ማረፊያ" የሚባል የእንግዳ ቤት ሆኖ ተጠናቀቀ። የመድኃኒት ቤቷ እመቤት መኝታ ክፍል "የዕፅዋት ክፍል" ይባላል። የእኛ ቤት "የልብስ ሰፊዋ ክፍል" ሆኗል። ባለፈው ወር እንደ ማንኛውም ጎብኚ ተሰልፌ ገብቼ አየሁት፤ በጣም ጸድቷል። በመስኮቱ በኩል፣ የእግር መኪናው አጠገብ፣ ሻሽ የታሰረላት አሻንጉሊት ተቀምጣለች። አስጎብኚዋ ወጣት "በዚህ ቤት አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖር ነበር ይባላል" ስትል፣ እጄን አውጥቼ "መቼ ነው የሞተችው?" ብዬ ጠየቅሁ። ልጅቱ ወረቀቷን አገላብጣ "በውል አይታወቅም" አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ እንዳይቆጧት። አሻንጉሊቷን በተመለከተ ግን አንድ የሙያ አስተያየት አለኝ፤ መርፌዋ ላይ ክር አላት፣ እኔ አልነበረኝም።

፯ኛ. እስካሁን የዘረዘርኩትን ሁሉ ሰው ሊለምደው ይችላል። የፎቅ ላይ ቤት፣ በመስኮት የማይገባ ፀሐይ፣ ደጃፉ የማይታወቅ ጎረቤት፣ ሁሉም ይለመዳል። ወንድም ጋሼ ያልለመደው ሌላ ነው። አርባ አንዱ ቤት የተነሳው በእርስዎ ትእዛዝ ነው፤ የፈረመው ግን የእሱን ፊት አይቶ ነበር። እርስዎ ቢሮ ውስጥ ነዎት፣ በር ላይ ዘብ አለዎት፣ ማንም አያገኝዎትም። እሱ ግን አሳንሰሩ ውስጥ ይገኛል። አብሮት ያደገው ጎረቤት ሰላምታውን ነሳው። አንዱ "ልጅህ ደህና ነው?" ብሎ በሰው ፊት ጠየቀው። በምርኩዙ ተንገዳግዶ የመድኃኒት ቤቷን እመቤት ይቅርታ ሊጠይቅ አራተኛ ፎቅ ቢወጣ፣ በሩን ገርበብ አድርገው "እኔ የፈረምኩት ላንተ ነበር" አሉትና ዘጉት። ተመልሶ መጥቶ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። የመሣሪያውን ሳጥን ከአልጋው ሥር ገፍቶ "ለፈለገው ስጪው" አለኝ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ሚስማር አልመታም። ሐኪሙ ዳሌው እየዳነ ነው ይላሉ።

ለዚህ ላመሰግንዎ ሞክሬ ቃል ስላጣሁ ወደ ሌላ መንገድ ሄድኩ። ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት፣ እስከዚህ ድረስ እንደጻፍኩ፣ በተበተኑበት ሕንፃ ሁሉ ዞሬ ለአርባ ቤቶች አነበብኩላቸው። እንደ ወንድም ጋሼ በር ለበር። አንዳንዱ ሳልጨርስ አቋረጠኝ፤ አንዳንዱ አለቀሰ፤ አንዱ ጎረምሳ "አሁን ምን ይፈይዳል?" አለኝ፣ እውነቱን ነው። ሥልጠናውን፣ ማመልከቻዎቹን፣ የሁለተኛውን ገጽ መጥፋት አብዛኛው ሰው አያውቅም ነበር፤ ወንድም ጋሼ በእርስዎ ላይ ክፉ እንዳይወራ ብሎ ለማንም አልተናገረማ። የመድኃኒት ቤቷ እመቤት አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው ሲያበቁ በሩን ከፍተው አስወጡኝ። በማግስቱ ግን በራችን ተንኳኳ። እመቤቲቱ ናቸው። ከወንድም ጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሻይ አፈላሁ፣ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ "እኔ እምለው፣ አዲሱ ቤት የመድኃኒት መደርደሪያዬ ግድግዳው ላይ አልቆም አለኝ። ጠርሙሱ ሁሉ እየተንሸራተተ ሊያሳብደኝ ነው። የሚያየው ሰው አጣሁ" አሉ። ወንድም ጋሼ ምርኩዙን ወደ ጎን አድርጎ "ስፋቱ ስንት ነው?" አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እርሳስ ጠየቀኝ።

ይህን የምነግርዎ እንዲደሰቱ ነው። የተበላሸው ሁሉ በእርስዎ መሥሪያ ቤት በኩል ብቻ የሚጠገን እንዳይመስልዎ።

በመጨረሻም ከተማችን "ምርጥ የዝግታ ከተማ" ተብላ ስትሸለም ወንድም ጋሼ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝቶ "ሕያው ቅርስ" የሚል የምስክር ወረቀት እንዲቀበል የላኩት የጥሪ ካርድ ደርሶናል። ካርዱ ወፍራም ነው፣ ጠርዙም ወርቃማ ነው። እሱ አይመጣም። የምስክር ወረቀት አንድ ጊዜ ጠይቆ ከልክላችሁታል፤ ደግሞም የፊታችን ቅዳሜ መደርደሪያ አለበት። እኔም በሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ፊርማዬን ከዛሬ ጀምሮ ማንሳቴን በዚሁ አሳውቃለሁ፤ ሌሎች ሃያ ስድስት ቤቶችም የራሳቸውን ማንሻ ፈርመው ከዚህ ጋር አያይዘዋል። ቀሪዎቹ እያሰቡበት ነው። እባክዎ ይህኛውን ቢያንስ ከነሁለተኛ ገጹ ያስቀምጡልን። እኛ ቅጂ ይዘናል።

የሥራ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስምዎ ከከተማችን ታሪክ ጋር እንደ ተለጠፈ እንዲኖር፣ ጎብኚ እንዲበዛልዎ፣ ነዋሪም እንዳያስቸግርዎ እየተመኘሁ፣ ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞዋ እትዬዎ፣
የአሁኗ ባለጉዳይ፣
በውል በማይታወቅ ጊዜ የሞተችው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
• በየሕንፃው ለተበተኑት አርባ ቤቶች
• ለመዝገብ ቤት፣ ከሁለተኛው ገጽ ጋር እንዲያያዝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለእርስዎ የሚላከውን ቅጂ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ሳስገባ ወንድም ጋሼ "ጨረስሽ? አንድ ነገር ጨምሪልኝ" አለኝ። እኔ አልጨምርም አልኩት፤ እሱ ግን ለሰው ደብዳቤ ሲጻፍ የወላጅ ደኅንነት ሳይጠየቅ አይታለፍም ብሎ አስቸገረኝ። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ አስተላልፋለሁ፦ ያኔ ከእኛ ጋር ሳሉ በየሳምንቱ ስልክ እየደወሉ የሚያጽናኗቸው እናትዎ ደህና ናቸው ወይ? አሁንም የሚኖሩት በገዛ ቤታቸው ነው?